የወንጀል ምርመራ ልቦለድ ወይስ ነባር ልቦለድ?

ሐዋሳ ላይ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ለአንድ ከሰዓት የሚሆን መጽሐፍ ለሚፈልግ የወንጀል ምርመራ ልቦለድ ይሻላል። ሳምንት ካደረ ግን ፍንጩ ይረሳና መጨረሻው ከሰማይ ዱብ ያለ ይመስላል። ስለዚህ የተጠርጣሪዎችን ስም፣ የነበሩበትን ቦታና ሰዓት ወረቀት ላይ ይያዙ። ጎበዝ ደራሲ ፍንጩን አይደብቅም፤ ተራ የዕቃ ዝርዝር መሃል ጣል ያደርገዋል። ዓይን ደግሞ ዝርዝር መዝለል ይወዳል!

ነባር ልቦለድ፣ ለምሳሌ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.)፣ በጥድፊያ አይሆንም። በቀን 20 ገጽ ይበቃል። መግቢያው ረዘመ ብሎ የሚዘል ሰው ዋናው ገጸ ባሕርይ በዛብህ ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠበትን ስለት ያልፈዋል፤ በኋላ ሰብለ ወንጌልን እያፈቀረ ለምን እንደሚጨነቅ አይገባውም። የዘመኑን ልማድ የሚተቸውን የጉዱ ካሳን ንግግር ድምፅ አውጥተው ያንብቡት፤ ክርክሩ የሚጠራው ያኔ ነው።

ገንዘቡ ለአንድ ብቻ ከበቃ ነባሩን ይግዙ፤ ምርመራውን ይዋሱ። ገዳዩ ከታወቀ በኋላ ብዙውን ጊዜ ተመልሶ የሚያነበው የለም።