ለጅማ ጭቃ የትኛው ባለሰንሰለት ሎደር ይሻላል?

ጅማ ላይ አነስተኛ ሎደር ሊገዛ የተነሳ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው የፈረስ ጉልበቱን ነው። መጠየቁ ጥሩ ነው፤ ግን ከሌሎቹ ጥያቄዎች በኋላ ቢመጣ ይሻላል። እዚህ አገር ማሽኑን የሚያኖረውም የሚያስቆመውም የታችኛው ክፍል ነው፦ የላስቲክ ሰንሰለቱ፣ ሮለሮቹ (ማሽኑን ተሸክመው ሰንሰለቱ ላይ የሚሽከረከሩት)፣ አይድለሩ (ሰንሰለቱን ወጥሮ የሚይዘው መንኮራኩር) እና ስፕሮኬቱ (ሰንሰለቱን የሚያዞረው ባለጥርስ መንኮራኩር)። ኩቦታ ኤስቪኤል 75-2፣ ቦብካት ቲ 590 እና ካተርፒላር 259 ዲ3ን የምንመዝነውም በዚሁ ነው።

ሰንሰለት የማያስፈልገውም ሰው አለ። ሥራችሁ ፈረንጅ አራዳና መርካቶ አካባቢ አስፋልትና ኮብልስቶን ላይ አሸዋና ጠጠር ማመላለስ ከሆነ በአራት ጎማ የሚሄደውን ግዙ። ደረቅና ሸካራ መንገድ የሰንሰለቱን ላስቲክ ቶሎ ይበላዋል፤ ሰንሰለት መቀየር ደግሞ ጎማ ከመቀየር እጅግ ይከብዳል። ቦዬ ረግረግ ዳር፣ የአዌቱን ተፋሰስ ቦዮች ስትጠርጉ፣ ወይም በክረምት ማናና አጋሮ ባሉ የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ገለፈት ስታነሱ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ባለሰንሰለቱ መሬቱን የሚጫነው በካሬ ሴንቲ ሜትር ከ0.3 እስከ 0.4 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን፣ ባለአራት ጎማው የዚህን ብዙ እጥፍ ይጫናል። ቀዩ አፈር ሲረጥብ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል፤ ሰንሰለቱ ግን ይሄዳል።

የመሸከም አቅም ላይ ብዙ ገዢ ይሳሳታል። ለባለሰንሰለት ሎደር የሚጻፈው አቅም ማሽኑን ወደ ፊት ከሚያዘነብለው ክብደት 35 በመቶው ነው፤ ለባለአራት ጎማው ግን 50 በመቶው ነው። አንዳንድ ሻጭ የባለሰንሰለቱንም በ50 በመቶ ያሰላና ትልቁን ቁጥር ይነግራችኋል። ኤስቪኤል 75-2 በ35 በመቶ 1,040 ኪሎ ግራም ገደማ ይሸከማል፤ በ50 በመቶ ከተሰላ ወደ 1,490 ያድጋል። ማሽኑ ያው ነው። በ35 በመቶው ስሌት የቲ 590 አቅም 950፣ የ259 ዲ3 ደግሞ 920 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። እርጥብ አፈር በሜትር ኩብ 1.8 ቶን ያህል ስለሚመዝን፣ 0.4 ሜትር ኩብ የሚይዝ ባልዲ ሲሞላ 720 ኪሎ ግራም ይሆናል። ስለዚህ ለአፈር ሥራ ሦስቱም ይበቃሉ። ከበድ ያለ ድንጋይ ወይም በፓሌት (በዕቃ መደርደሪያ ጣውላ) የተደረደረ ሲሚንቶ በፎርክ የሚያነሳ ሰው ግን ኩቦታውን ይመልከት። ሦስቱም ክንዳቸውን ወደ ላይ ቀጥ አድርገው የሚያነሱ ስለሆኑ ኢሱዙ ላይ ለመጫን ይመቻሉ።

ስለ ሞተር ብዙ አንልም። ኩቦታውና ካተርፒላሩ 74፣ ቦብካቱ 66 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ናቸው። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ክፍል) የሌለው ሞተር 15 በመቶ ገደማ ጉልበቱን ያጣል፤ ሦስቱም ቱርቦ ስላላቸው ይህ አያሳስብም። የሚያሳስበው ናፍጣው ነው። ጭስ ማውጫው ላይ የጥላሸት ማጣሪያ ያለው ሞተር የሰልፈሩ መጠን ከ15 ፒፒኤም (በሚሊዮን 15 እጅ) የማይበልጥ ናፍጣ ይፈልጋል። ያ ካልተገኘ ማጣሪያው እየታፈነ ሞተሩ ጉልበቱን ይቀንሳል፤ ከዚያም አልፎ ይቆማል። ስለዚህ የምትገዙት ማሽን ይህ ማጣሪያ ያለው መሆን አለመሆኑን ከሞተሩ ሰሌዳ ላይ አንብቡ፤ ሻጩ በቃል የሚለውን አትመኑ።

ወደ ዋናው እንምጣ። የኩቦታው የሰንሰለት ፍሬም ከሻሲው ጋር ድርቅ ብሎ የተያያዘ ነው፤ ስፕሪንግ የለውም። ኦፕሬተሩን ያናውጠዋል፤ ነገር ግን ሲቆፍር ኃይሉ በቀጥታ ወደ ባልዲው ይሄዳል፤ የሚላላና የሚበላ መገጣጠሚያውም ጥቂት ነው። የካተርፒላሩ ፍሬም ንዝረት በሚውጥ አክስል ላይ ስለተቀመጠ ድንጋያማ መንገድ ላይ ረጋ ብሎ ይሄዳል፤ ባልዲው ውስጥ ያለውም አይፈስም። ዋጋው ግን ክትትል ነው፤ ተጨማሪ መገጣጠሚያ ማለት ተጨማሪ ፍተሻ ማለት ነውና። ቦብካቱ በክብደቱ 3.6 ቶን ገደማ ስለሆነ ከአራት ቶን በላይ ከሆኑት ከሁለቱ ይቀላል፤ በቡና ዛፎች መካከልና በጠባብ ግቢ ሲሠራ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

የሰንሰለቱ ስፋት 320 ወይም 400 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ለረግረግ 400ውን ያዙ፤ የመሬቱ ጫና በአንድ አምስተኛ ይቀንሳል። ሰንሰለት ስታዝዙ በጎኑ የተቀረጸውን ቁጥር አንብቡ። ለምሳሌ 320 በ 86 በ 49 ቢል፣ ስፋቱ 320፣ በውስጥ በኩል ካሉት ጥርሶች ከአንዱ መሃል እስከ ቀጣዩ መሃል ያለው ርቀት 86 ሚሊ ሜትር፣ የእነዚሁ የውስጥ ጥርሶች ብዛት ደግሞ 49 ነው። ከኋለኞቹ ሁለት ቁጥሮች አንዱ ከተሳሳተ ሰንሰለቱ አይገጥምም።

ሰንሰለት በጥሩ አያያዝ ከ1,200 እስከ 1,600 ሰዓት ያህል ያገለግላል፤ በመጥፎ አያያዝ ግማሹንም አይደርስ። ቀዩ ጭቃ ሮለሮቹ መካከል ተጠቅጥቆ ካደረ ጠዋት እንደ ጡብ ይደርቃል። ኦፕሬተሩ ያንን ሳያጸዳ ሲያስነሳው ሮለሩ አይዞርም፤ ሰንሰለቱ ላዩ ላይ እየተንሸራተተ አንዱን ጎን ይልጠዋል፤ የሮለሩ ኦይል ሲልም (ዘይቱ እንዳይወጣ የሚያግደው) ይቀደዳል። ማታ ማታ በአካፋና በውሃ ማጽዳት ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ሌላው ገዳይ ባሉበት መዞር ነው። አንዱን ሰንሰለት ወደ ፊት ሌላውን ወደ ኋላ እያደረጉ ጠጠር ላይ መዞር የላስቲኩን ጥርስ ይቆርጣል። ሰፋ ያለ ቦታ ካለ በሦስት ጊዜ እየሄዱ መዞር ይሻላል።

የሰንሰለቱን ውጥረት አብዛኛው ሰው በዓይን ይገምታል። ማሽኑ ከመሬት ተነሥቶ፣ በጠንካራ ድጋፍ ላይ ካረፈ በኋላ በመካከለኛው ሮለርና በሰንሰለቱ መካከል ያለው ክፍተት ይለካል፤ ትክክለኛው ልክ በማሽኑ መጽሐፍ ላይ አለ። ላልቶ ከቀረ ዳገት ላይ በጎን ሲሄድ ይወልቃል፤ ከልክ በላይ ከተወጠረ ጉልበት ይበላል፣ የአይድለሩንም ቤሪንግ ይጨርሳል። የሚወጠረው በግራሶ ፓምፕ ነው። ለማላላት ቫልቩ በጥቂት በጥቂቱ ይከፈታል፤ በጭራሽ ከፊቱ አትቁሙ። በውስጡ ያለው ግራሶ በከፍተኛ ግፊት ስለሚወጣ ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። አዲስ ሰንሰለት በመጀመሪያዎቹ 50 ሰዓታት ስለሚላላ ደጋግሞ መለካት ያስፈልጋል።

ያገለገለ ማሽን ለምትገዙ፦ የስፕሮኬቱ ጥርስ ሹል ሆኖ ወደ አንድ ወገን ከታጠፈ ሰንሰለቱም አብሮ አልቋል። አዲስ ሲሆን የሰንሰለቱ የውጭ ጥርስ 25 ሚሊ ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ በሚሊ ሜትር መለኪያ ለኩት። ባልዲውን ትንሽ አንሥታችሁ በእጅ ስትነቀንቁት ፒኖቹ ከተንኳኩ ቡሺንጉ (ፒኑ የሚዞርበት ቀለበት) ተበልቷል። ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ መሄድ ሲገባው ወደ አንድ ጎን ከተሳበ የዚያን ጎን የሃይድሮሊክ ሞተር ጠርጥሩ። ትንሿን የሃይድሮሊክ ሞተሩን መመለሻ ዘይት ፊልትሮ ብዙ ሰው አያውቃትም፤ እሷ ከታፈነች ግፊቱ ሲሉን ያፈነዳዋል፤ ውድ የሆነው ክፍልም አብሮ ይሄዳል። ማሽኑ ላይ ካለች አውጥታችሁ እዩዋት፦ ብረት ብናኝ ከተገኘባት ያንን ማሽን ተዉት።

የእኛ ምርጫ ለቡና ጣቢያና ለእርሻ ሥራ ባለ 400 ሰንሰለት ቲ 590፣ ለግንባታና ለመንገድ ሥራ ደግሞ ኤስቪኤል 75-2 ነው። የኩቦታው በር ወደ ላይ ተንሸራቶ ስለሚከፈት ክፍት አድርጎ መሥራት ይቻላል፤ በጅማ ሙቀትና ወበቅ ኦፕሬተር የሚያመሰግነው ነገር ነው። 259 ዲ3ን የምንመክረው ድንጋያማ ቦታ ላይ ቀኑን ሙሉ ለሚሄድ ሰው ነው። የትኛውንም ብትይዙ ውል ስትፈርሙ አንድ ጥንድ ትርፍ ሰንሰለት፣ ሁለት የታች ሮለርና የፊልትሮ ስብስብ ከማሽኑ ጋር አብሮ እንዲመጣ አስጽፉ። ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለምትርቅ በክረምት መካከል አንድ ሮለር ለመጠበቅ የሚባክነው ቀን ከዕቃው ዋጋ ይበልጣል።