ጌጅ ነው ወይስ ጌጥ? የቱርቦ ግፊትና የጭስ ሙቀት መለኪያ ሐረጎ ዳገት ላይ ከ8 ወር በኋላ

ጥቅምት ላይ ሃይሉክሴ ላይ ሁለት ጌጅ አስገጠምኩ። አንዱ ቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚገፋውን አየር ግፊት በባር ይናገራል፣ ሌላው ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ስንት ዲግሪ እንደደረሰ ያሳያል። አሁን ግንቦት ነው። በመሃል 19 ሺህ ኪሎ ሜትር ነድቻለሁ፤ አብዛኛው ከደሴ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ደሴ ነው። ፒያሳ ያሉ ጓደኞቼ ያን ሰሞን "ጌጅ ሳይሆን ጌጥ ነው የገዛኸው" እያሉ ስቀውብኛል። እኔም ለሁለት ሳምንት ያህል እውነታቸውን ሳይሆን አይቀርም ብዬ ነበር።

መኪናዋ ደብል ጋቢና ናት፤ ባለ 3 ሺህ ሲሲው 1 ኬዲ ናፍጣ ሞተር፣ 240 ሺህ የረገጠች፣ ምንም ያልተነካካች። የሱቅ ዕቃ ታመጣለች፣ እህል ትጭናለች፣ ቅዳሜ ሐይቅ ከተማ ያሉ ዘመዶቻችን ጋ ታደርሰናለች። ጌጅ ያስገዛኝ ፍጥነት ፍለጋ አይደለም። ካቻምና ቱርቦዋ ሄደ። ኩሽኔታው ተበልቶ፣ ዘይቱን እየጠጣ፣ ሰማያዊ ጭስ እየተፋ ቤቴ ገባ። የቀየረልኝ መካኒክ "ሙቀት ነው የበላው" አለኝ። ስንት ሙቀት? መቼ? የት ቦታ? ሊነግረኝ የሚችል አልነበረም። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሙቀት ቀስት የሚያየው ውሃውን ነው፣ እሱ ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ ከግማሽ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። ውሃው ቀዝቅዞ ጭሱ ሊነድ እንደሚችል ያኔ አላውቅም ነበር።

ጌጆቹን ዱባይ ያለ ዘመድ ላከልኝ። ሁለቱም ከነገመዳቸው ወደ 400 ድርሃም ነበሩ። ስማቸውን አልጠራም፤ ከታች የማማርረው ነገር ስላለ።

የገጠማው ነገር ከዕቃው ይበልጣል። የግፊቱ ቀላል ነው፤ ወደ ሞተሩ የሚገባው የአየር መንገድ ላይ ካለች ቀጭን ቱቦ በቲ ቅርጽ ተቀጥሎ ይመጣል። የሙቀቱ ግን የጭስ ማኒፎልዱን፣ ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ የሚሰበስበውን ብረት፣ መብሳት ይፈልጋል። አንድ ጋራዥ "በአንድ ሰዓት ውስጥ ሳልፈታው እበሳልሃለሁ፣ ብናኙን ጭሱ ራሱ ያወጣዋል" አለኝ። ጭሱ የሚያወጣው በየት በኩል ነው? በቱርቦው ምላጮች መሃል! በደቂቃ ከ100 ሺህ ዙር በላይ የሚሽከረከር ነገር ላይ የብረት ፍርፋሪ መበተን ማለት ነው። አመስግኜ ወጣሁ። ኮምቦልቻ ያሉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ግን "ወይ ይፈታል፣ ወይ አይበሳም" አሉኝ። ማኒፎልዱን አውርደው፣ ጠረጴዛ ላይ አስረው በሱት፣ ጥርስ አወጡለት፣ ከዚያ ውስጡን በማግኔት ሲዳብሱት ያወጡትን ፍርፋሪ መዳፋቸው ላይ አድርገው አሳዩኝ። የሻይ ማንኪያ ግማሽ ይሆናል። አንድ ቀን ተኩል ፈጀ። "አብሽር፣ አሁን ይሄ ጌጅ አያስተኛህም" ብለው ሸኙኝ። ልክ ነበሩ፤ የመጀመሪያውን ሳምንት ዓይኔ ከመንገዱ ይልቅ እሱ ላይ ነበር። ይሄ ራሱ አደጋ ነው፣ የሚያስገጥም ሰው ይጠንቀቅ።

መለኪያውን ከቱርቦው በኋላ፣ ወደ ማርሚታው በሚሄደው ቧንቧ ላይ ማስገባትም ይቻላል። ቢሰበር ቱርቦ ላይ አይወድቅም። ነገር ግን ጭሱ ቱርቦውን ሲያዞር ይቀዘቅዛል፤ ልዩነቱም እንደ ጭነቱ ስለሚለዋወጥ፣ ከበዛ ከ100 ዲግሪ በላይ ቀንሶ ይነግርሃል። ፒስቶኒዬ የሚያየውን ሙቀት ማወቅ ስለፈለግኩ ከቱርቦው በፊት ይሁን አልኩ።

አሁን ወደ ሐረጎ። ለማያውቀው፦ ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ነው፣ ደሴ ደግሞ 2,500። ይህን ሁሉ የምንወጣው 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ጠመዝማዛ ነው፤ ያውም ከፊት ለፊት ሲኖትራክ እያቃሰተ፣ አንዳንዴም ጭጋግ ተሸፍኖ። ደሴ ላይ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የግፊት ጌጄ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ብቻ ስለሆነ ጅቡቲም ቢሆን ደሴም ቢሆን ሞተር ሲጠፋ ዜሮ ነው። ስለዚህ 1 ባር ሲል ጅቡቲ ላይ በድምሩ 2 ነው፣ ደሴ ላይ 1.75። ያን ጉድለት ለመሙላት ቱርቦው የበለጠ መፍጠን አለበት። ያ የቀድሞው ቱርቦዬ ዕድሜውን የጨረሰው እንዲህ ሲሮጥ ነው ብዬ አስቤ ነበር። ግማሹ ብቻ ነው እውነቱ።

ሜዳ ላይ፣ በ80 ስሄድ፣ ሙቀቱ ከ320 እስከ 380 ነው። ሐረጎን በአራተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ 1,600 ዙር ላይ እያጉረመረመ፣ እግሬን እስከ ታች ረግጬ ስወጣ ግን 600 አለ፣ 650፣ 690፣ አሁንም ይወጣል። ናፍጣ ሞተር ላይ ወደ 700 የሚጠጋ ሙቀትን ለረጅም ጊዜ መያዝ አይመከርም። ደነገጥኩና ወደ ሦስተኛ ቀነስኩ። ሞተሩ 2,500 ላይ ወጥቶ ጮኸ። ጮኸብኝ ብዬ ስሰጋ ሙቀቱ 560 ላይ ወርዶ ቁጭ!

ይህን ካየሁ በኋላ ለረጅም ጊዜ ራሴን ስወቅስ ነበር። አባቴ ጭነት መኪና ነጂ ነበር፤ "ሞተር አታስጩህ" ብሎ ነው ያሳደገኝ። እኔም ማርሽ ላለመቀነስ እየታገልኩ፣ ሞተሩ ዝቅ ባለ ድምፅ ሲያቃስት "በምቾት ወጣች" እያልኩ ስደሰት ኖሬያለሁ። ለካ በዝቅተኛ ዙር ስረግጥ ናፍጣው ይገባል፣ አየሩ ግን አይበቃም። ናፍጣ ሞተር ላይ ሙቀት የሚያመጣው የነዳጅ መብዛት ነው። ዙሩ ሲጨምር አየሩ ይበዛል፣ ውሃውና ዘይቱም ቶሎ ቶሎ ይዞራሉ። አሁን ሐረጎ ሥር ስደርስ ሳልለመን ሦስተኛ እገባለሁ። ጭስ ከኋላዬ አይታይም። ናፍጣም አልጨመረብኝም፤ እንዲያውም ትንሽ የቀነሰ ይመስለኛል፣ በልኬት ስላልያዝኩት ግን አልምልበትም።

የከፈልኩትን የመለሰልኝ ግን የካቲት ላይ ነው። ሰባት ኩንታል ጭኜ ስወጣ፣ ዘወትር በዚያ ዳገት ላይ 1.1 ባር የሚያሳየኝ ጌጅ 0.6 ላይ ቆመ። ሙቀቱ በሦስተኛ ማርሽም 720 ገባ። የሞተር መብራት አልበራም። ከባድ መኪኖች የሚቆሙበት ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ወጥቼ ኮፈኑን ከፈትኩ። ከቱርቦው ወደ ኢንተርኩለሩ (የአየር ማቀዝቀዣው) የሚሄደው ቱቦ ማሰሪያው ላልቶ ሸርተት ብሏል፤ ዙሪያው በዘይት ረጥቧል፣ አቧራ ተለጥፎበት ጥቁር ቀለበት ሠርቷል። በካቻቢቴ ሦስት ዙር አጠበቅኩት። ስነሳ 1.1፣ ሙቀቱ 570። ጌጅ ባይኖር ምን አደርግ ነበር? "ዛሬ ጭነቱ ከበዳት" ብዬ አብልጬ እረግጣት ነበር። ደሴ እስክገባ ያን ሙቀት ለ20 ደቂቃ ማብላት ነው።

ሌላው የተለወጠው ልማድ ስቆም ነው። ሰዉ ሁሉ "ቱርቦ መኪና ከማጥፋትህ በፊት ሚኒሞ ላይ፣ ነዳጅ ሳትረግጥ፣ ሁለት ደቂቃ አቆያት" ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሞተሩ ሲጠፋ የዘይቱ ዝውውር ይቆማል፣ የጋለው ኩሽኔታ ላይ የቀረው ዘይት ያርና ከሰል ይሆናል። ግን ሁለት ደቂቃ ሁልጊዜ ልክ አይደለም። ከቧንቧ ውሃ ሰፈር ወደ ቤት ቀስ ብዬ ስገባ ሙቀቱ ቀድሞ 200 ስለሚሆን ወዲያው አጠፋለሁ። ከሐረጎ በቀጥታ መጥቼ ከቆምኩ ደግሞ ከ350 ወደ 200 እስኪወርድ አንድ ደቂቃ ተኩል እጠብቃለሁ። ባለቤቴ ቡናው እየቀረበ በር ላይ ቆማ "ወረደልህ ወይ?" ትለኛለች፣ እኔ "230" እላለሁ። ቁልፍ ተነቅሎ መኪናዋ ለብቻዋ የምትሠራበትን ታይመር ብዙ ሰው ይገጥማል። እኔ አልወደድኩትም፤ ሰው የሌለበት የሚሠራ ሞተር ትቼ መሄድ ልቤ አይወስደውም።

ምሬቴ ይኸውላችሁ። የሙቀቱ ጌጅ ቀን ቀን ፀሐይ ከጎን ሲመታው ቁጥሩ አይታይም፣ ማታ ደግሞ ዓይን ይወጋል፤ ብርሃኑን የሚቀንስ ቁልፍ አለው ቢሉም አይሠራም። የግፊቱ ጌጅ ላስቲክ ቱቦ በአምስት ወሩ ጠንክሮ ጫፉ ተሰነጠቀ፣ ወደ ሲሊኮን ቀየርኩት። የማስጠንቀቂያ ድምፁ እጅግ ቀጭን ስለሆነ ጭነት ይዤ በመስኮት ነፋስ አልሰማውም። በጣም ያናደደኝ ግን ሽቦው ነው። ገጣሚው ከሙቀት መከላከያው ቆርቆሮ ጋር አስጠግቶት ስለነበር ሽፋኑ ተፋቀ፤ ከዚያ ቁጥሩ በየመንገዱ ጉድጓድ ከ400 ወደ 90፣ ከ90 ወደ 800 መዝለል ጀመረ። መለኪያው ራሱ ጤነኛ ነበር። ቁጥር ሲዘል አትደንግጡ፤ እውነተኛ ሙቀት ይወጣል ይወርዳል እንጂ አይዘልም።

የእህቴ ልጅ ጉዳይ እዚህ ይገባል። ቱርቦ ያላት ባለ 2 ሺህ ሲሲ ቤንዚን መኪና አለችው። "ጋሼ፣ ናይትረስ ላስገባባት ነው፣ ደሴ ላይ ትንፋሽ ያጥራታል" አለኝ። ሐሳቡ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ናይትረስ በጠርሙስ ተይዞ ለጉልበት ወደ ሞተር የሚለቀቅ ጋዝ ነው። ራሱ አይነድም፤ ሞተሩ ውስጥ ሲግል ይፈርስና ኦክስጅኑን ይለቃል። በክብደት 36 ከመቶው ኦክስጅን ነው፣ አየር ደግሞ 23። ሲገባም እጅግ ቀዝቃዛ ስለሆነ አየሩን ያቀዘቅዛል፣ ቱርቦውንም ቶሎ ያነሳዋል። ቀጭን አየር ላለበት አገር የተሠራ ነው የሚመስለው።

ነገር ግን ቤንዚን ላይ ነገሩ ከኔ መኪና ይገለበጣል። እዚያ የሚገድለው የነዳጅ ማነስ ነው። ጋዙ ገብቶ ቤንዚኑ በዚያችው ቅጽበት ካልተከተለ ፒስቶኒ ይበሳል፣ ያውም የቱርቦው ግፊት ላይ ተደርቦ። ደግሞ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ግፊት እንደ አየሩ ጠባይ ይለዋወጣል፦ በ10 ዲግሪ የደሴ ጠዋት 40 ባር ገደማ፣ በ30 ዲግሪ 63 ገደማ፣ ከ36 ዲግሪ በላይ ደግሞ ፈሳሹ ፈሳሽነቱን ያጣል፣ ግፊቱም ከ72 ያልፋል። ወደ ሞቃታማው ሚሌ መውረድ ለጠርሙሱ ቀልድ አይደለም። ቀዳዳው አንድ፣ ቤንዚኑ አንድ፣ የሚገባው ጋዝ ግን ደሴ ላይ ሌላ፣ ሚሌ ላይ ሌላ። ስለዚህ የሚያውቁበት ሰዎች የጠርሙስ ግፊት ጌጅና ማሞቂያ ያስገባሉ፤ ነዳጁ እስከ ታች ካልተረገጠና ዙሩ 3 ሺህ ካላለፈ የማይከፍት ማብሪያ፣ የቤንዚን ግፊት ሲወድቅ ጋዙን የሚዘጋ ሌላ ማብሪያ ይጨምራሉ። የሻማ እሳቱን ያዘገያሉ፣ ቀዝቀዝ ያለ ሻማ ያስገባሉ። ጠርሙሱ ጋቢና ውስጥ ከሆነ የደኅንነት ክዳኑ ሲፈነዳ ጋዙን ወደ ውጭ የሚያወጣ ቧንቧ የግድ ነው፤ አለዚያ የምትተነፍሰውን አየር ያባርረዋል።

"መጀመሪያ የአየርና ነዳጅ መለኪያ ግጠም" አልኩት። እያጉረመረመ ገጠመ። በሙሉ ግፊት ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 11.5 ኪሎ አየር አካባቢ መሆን የሚገባው ንባብ 13.4 ወጣ። ማለትም ያለ አንዲት ጠብታ ናይትረስ መኪናዋ ነዳጅ እያነሳት ነበር፤ የቤንዚን ፖምፓው ደክሟል። ያን ቀን ጋዝ ቢጨምርበት ኖሮ ሞተሩን በታክሲ ነበር የሚያመጣው። ፖምፓውን ቀየረ፣ መኪናዋም ትንፋሽ አገኘች። የናይትረሱን ነገር አሁንም አልተወውም፣ የሚያስሞላበት ቦታ ግን አላገኘም። ሐረጎ ላይ እንዳይሞክረው ብቻ አስምዬዋለሁ፤ እዚያ መንገድ ላይ ጉልበት ሳይሆን የሚታይ መታጠፊያ ነው የሚጎድለው።

አንዱን ብቻ መግዛት ለሚችል ሰው፦ ናፍጣ ከሆነ የሙቀቱን ይግዛ፣ የግፊቱ ይቆየው። ከዕቃው ዋጋ እኩል ለገጠማው ይያዝ፤ እኔ ለእጅ ብቻ 3,500 ብር ከፍያለሁ፣ የማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን ለብቻው ነው። ሽቦው ከቆርቆሮ የራቀ መሆኑን ኮፈኑ ሳይዘጋ በእጃችሁ ዳስሱ።

ባለፈው ሳምንት ሽማግሌው መካኒክ ጋ ወስጄ መለኪያውን አስነቀልኩት። ጫፉ ጥቁር ነው፣ ግን አልተሰነጠቀም፣ አልሳሳም። ብርሃን ላይ አዟዙረው አዩትና የመዳብ ቅባት ቀብተው መልሰው አሰሩት፤ ጥቅምት ላይ እንድመለስ ነገሩኝ።