ከአሥረኛው ወደ አሥራ ስድስተኛው፦ ወደ ፋይናል ፋንታሲ ስመለስ

ፋይናል ፋንታሲን የተውኩት አሥረኛው ላይ ነው። መተው እንኳ አይባልም፤ ወንድሜ አሜሪካ ሄደ፣ ፕሌይስቴሽን ቱውም ቁም ሣጥን ላይ ወጣ። ባለፈው ገና ለእረፍት ሲመጣ አሥራ ስድስተኛውን ከነፕሌይስቴሽን ፋይቩ ይዞልኝ መጣ። 52 ሰዓት ፈጅቶብኝ ጨርሼዋለሁ።

ለማያውቁት ባጭሩ፣ ፋይናል ፋንታሲ ተከታታይ የቪዲዮ ጌም ነው፤ ጃፓን ውስጥ የተጀመረው በ1987 እ.ኤ.አ. ነው። እያንዳንዱ ቁጥር የራሱ ዓለምና የራሱ ሰዎች አሉት። ያለፉትን ስላልተጫወታችሁ የሚያመልጣችሁ ታሪክ የለም። አሥራ ስድስተኛው በ2023 እ.ኤ.አ. ለፕሌይስቴሽን 5፣ በ2024 እ.ኤ.አ. ለኮምፒውተር ወጣ።

ያኔ ሰፈራችን ያለው ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ከኳስ ጌም ሌላ የሚነካ አልነበረም። እኛ ግን ቤታችን ቁጭ ብለን ፋይናል ፋንታሲ አሥር ላይ እናመሽ ነበር። ጆይስቲኩን የሚይዘው ወንድሜ ነው። እኔ ታናሽ እህቱ መዝገበ ቃላትና ደብተር ይዤ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ጌሙ ውስጥ አል ቤድ የሚባሉ ሕዝቦች አሉ፤ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። ቋንቋውን የሚያስተምሩ 26 መጻሕፍት በየቦታው ተበትነዋል። አንዱን ስታገኙ የአንድ ፊደል ፍቺ ይከፈትላችኋል። እኔ እያንዳንዷን ፊደል በቀይ እስክሪብቶ ደብተሬ ላይ እመዘግብ ነበር። በኋላ እናታችን እንዳታነብብን ብለን ወረቀት በአል ቤድ መጻጻፍ ጀመርን።

ውጊያውም ተራ በተራ ነው። ቀጥሎ የማን ተራ እንደሆነ ስክሪኑ ጥግ ላይ ተደርድሮ ይታያል። የሚበር ጠላት ሲመጣ ከቡድናችን አንዱ ለሆነው ለዋካ ኳስ ይተዋል። ከእሳት የተሠራውን አስማተኛዋ ሉሉ በበረዶ ትመታዋለች። «ሉሉን አስገባት!» እላለሁ። «ቆይ፣ መጀመሪያ ዩና ታክመን» ይላል። ተከራክረን፣ ሻያችንን ጠጥተን እስክንስማማ ድረስ ጭራቁ ቆሞ ይጠብቀናል።

ዩናሌስካ የምትባለው ከባድ ጠላት ጋ ስንደርስ ሁለት ጊዜ ገደለችን። ሦስት መልክ አላት። ሦስተኛው ላይ ሁሉንም ባንዴ የሚገድል አስማት ትለቃለች፤ የሚተርፈው አስቀድሞ ዞምቢ የሆነ ብቻ ነው። ይህ እስኪገባን ሁለት ምሽት ፈጀብን። ገብቶን በሦስተኛው ስንሞክር መብራት ሄደ። በዚያው ሰሞን ቪዛው መጣ። ከዚያ በኋላ ብቻዬን መንካት አልሆነልኝም።

አሥራ ስድስተኛውን የከፈትኩት ይህን ሁሉ ይዤ ነው። ታሪኩ የሁለት ወንድማማቾች ሆኖ አገኘሁት። ክላይቭ ታላቅ፣ ጆሹዋ ታናሽ። የፊኒክስ፣ የእሳት ወፏ፣ ኃይል የተሰጠው በሽተኛ ለሆነው ለታናሹ ነው። ታላቁ ጋሻው ሊሆንለት ምሏል። መግቢያውን፣ ሁለት ሰዓት ያህል፣ ከወንድሜ ጋር አብረን ተጫወትነው። ፊኒክስ ጌት የሚባለው ቦታ ላይ የሚሆነውን ስናይ ሁለታችንም ዝም አልን። ምን እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ራሳችሁ እዩት።

ዓለሙ ከባድ ነው። ያለ ክሪስታል አስማት መሥራት የሚችሉ ሰዎች ጉንጫቸው ላይ ምልክት ይደረግባቸውና እንደ ዕቃ ይሸጣሉ። ኃይላቸውን በተጠቀሙበት ቁጥር ሰውነታቸው ወደ ድንጋይ ይለወጣል። ጌሙ ይህንን በጨረፍታ አሳይቶ አያልፍም፣ እስከ መጨረሻው ይዞት ይሄዳል። ደምና ስድብም አለበት፤ ትንንሽ ልጆች ባሉበት አትክፈቱት።

አንድ ነገር በጣም ወድጄለታለሁ። ንግግር መሀል ጆይስቲኩ ላይ ያለውን ሰፊውን ቁልፍ ተጭናችሁ ስትይዙ ትዕይንቱ ቀጥ ይላል። አሁን የሚወራው ስለማን ነው፣ ቦታው የት ነው፣ የማን ወገን ነው የሚለው ተዘርዝሮ ይወጣል። ስሞቹ ብዙ ስለሆኑ ያለሱ እጠፋ ነበር።

ውጊያው ላይ ግን ቅር ብሎኛል። ከእንግዲህ የሚጠብቅ ጭራቅ የለም፤ ሁሉም በእጅ ፍጥነት ነው። ጣቶቼ ስላልደረሱልኝ ጌሙ ራሱ ከሚሰጣቸው ቀለበቶች አንዱን አደረግኩለት። ጥቃት ሊያርፍባችሁ ሲል ጊዜውን ያዘገየዋል። በሱ ተንፍሻለሁ፣ እናንተም አትፈሩት። የማዝነው በሌላው ነው። የምታዙት ክላይቭንና ውሻውን ቶርጋልን ብቻ ነው። ሌሎቹ በራሳቸው ይዋጋሉ። እሳት የሆነውን ጠላት በእሳት ብትመቱትም በበረዶ ብትመቱትም ለውጥ የለውም። እኔና ወንድሜን ሲያከራክረን ያመሸው ነገር ይሄ ነበር። ለኔ ፋይናል ፋንታሲ ማለት እሱ ነው፣ እዚህ ግን የለም።

የጎን ሥራዎቹም መጀመሪያ ላይ አሰልቺ ናቸው። ትልቅ ጦርነት ጨርሳችሁ ስትመለሱ ወጥ ቤቱ ለሰው ምግብ አድርስልኝ ይላል። ወደ መጨረሻው ይሻሻላሉ፤ የአንጥረኛውን የብላክቶርንን ታሪክ እንዳትዘሉት። ግዙፎቹ ፍልሚያዎች ደግሞ ሌላ ናቸው። ታይታን ከሚባለው ግዙፍ ፍጡር ጋር ስገጥም ሳላውቀው ቆሜ ነበር የምጫወተው። የማሳዮሺ ሶኬን ሙዚቃ እዚያ ላይ ደረት ውስጥ ይገባል። ሌላው ግዙፍ፣ ባሐሙት፣ ጋ ስደርስ ሌሊቱ ተጋምሷል፣ ግን ማን ያጠፋዋል!

ለታሪኩና ለፍልሚያዎቹ ስል ግዙት እላለሁ። ተራ በተራውን ለሚወድ ግን የአሥረኛው የታደሰ ቅጂ አለ፤ ከተከታዩ ከአሥር-ሁለት ጋር አንድ ላይ ይሸጣል፣ የፕሌይስቴሽን ፎሩ ቅጂ ፋይቩም ላይ ይሠራል። እኔም ገዝቼ ከመጀመሪያው ጀምሬዋለሁ። 26ቱንም መጻሕፍት ለቅሜ ለወንድሜ በአል ቤድ መልእክት ላክሁለት፤ በአል ቤድ መለሰልኝ። ትናንት ማታ ዩናሌስካ ጋ ደረስኩ። ፋሲካን እመጣለሁ ብሏል። ሴቭ አድርጌ ትቼዋለሁ።