«ፈተናውም አለበት» ተብዬ የከፈልኩት 680 ፓውንድ

እንግሊዝ አገር ልጆቻችሁን ቤት የምታስተምሩ፣ ወይም ለማስተማር የምታስቡ ሐበሻ ወላጆች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። የእኔ ገንዘብ ሄዷል። የናንተ እንዳይሄድ ነው።

ልጄ አምና ከፋሲካ በኋላ ከትምህርት ቤት ወጣች። ምክንያቱን ለቤታችን ተዉት። እዚህ አገር ይሄ ወንጀል አይደለም፤ የ1996ቱ የትምህርት ሕግ ግዴታ ያደረገው ትምህርትን እንጂ ትምህርት ቤትን አይደለም። ለርዕሰ መምህሯ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ስሟ ከመዝገብ ወጣ። ያን ቀን ያልገባኝ ግን የፈተናው ጣጣ በሙሉ ወደ እኔ መዞሩ ነው። ትምህርት ቤት ያለን ልጅ የሚያስመዘግበውም፣ የሚከፍልለትም፣ ወንበር ላይ የሚያስቀምጠውም ትምህርት ቤቱ ነው። ቤት የሚማር ልጅ «ፕራይቬት ካንዲዴት» ይባላል። የሚቀበለው የፈተና ማዕከል ወላጁ ይፈልግለታል፣ ወላጁ ይከፍልለታል።

የእንግሊዝኛው ነገር ደግሞ ቀልድ አይደለም። ጂሲኤስኢ፣ ማለትም ልጆች በ16 ዓመታቸው አካባቢ የሚወስዱት ፈተና፣ እንግሊዝኛው ላይ ግሬድ 4 (ከ9 እስከ 1 ባለው ደረጃ፣ 9 ከፍተኛው ሆኖ) ያላገኘ ልጅ ከ16 ዓመቱ በኋላ ኮሌጅ ቢገባም እንግሊዝኛውን መማር መቀጠል አለበት፤ ኮሌጁ ለልጁ በጀት የሚያገኘው በዚህ ግዴታ ነው። ብዙ ሲክስዝ ፎርሞች፣ እንደኛ መሰናዶ ያሉት፣ ደግሞ ለኤ ሌቭል (ለዩኒቨርሲቲ መግቢያው ትምህርት) ከዚያም በላይ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ነሐሴ ላይ ጭንቀት ጀመረኝ።

በጭንቀቴ ላይ ነው ማስታወቂያው የመጣው። አንድ የሐበሻ እናቶች ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ። «ሙሉ የጂሲኤስኢ እንግሊዝኛ ጥቅል፤ ቪዲዮ፣ አስጠኚ፣ ሰርተፊኬት፣ ፈተናውም አለበት።» ዋጋው 750 ፓውንድ፣ በባንክ ካስገባችሁ 680። የግሩፑ ሴቶች በእሳትና በልብ ምልክት አሽሞነሞኑት። ደወልኩ። ትሁት ልጅ ነው፣ በአማርኛ ነው ያናገረኝ። «አይዞሽ እህቴ፣ አንቺ ምንም አታስቢ» አለኝ።

እኔም ምንም አላሰብኩም። በዚያው ምሽት 680 ፓውንድ አስገባሁ።

ለምን እንደተሸወድኩ ስመረምረው አንዱ ምክንያት አስተዳደጋችን ይመስለኛል። እኛ የምናውቀው ፈተና ማትሪክ ነው። መንግሥት አንድ ፈተና ያወጣል፣ አገሩ በሙሉ ያንኑ ይፈተናል፣ በቃ። «እንግሊዝኛ» ከተባለ እንግሊዝኛ ነው። እዚህ ግን ፈተና የሚያወጡት ቦርዶች ናቸው፤ ኤኪውኤ አለ፣ የፒርሰኑ ኤድኤክሴል አለ፣ ካምብሪጅ አለ፣ ሌሎችም አሉ። እያንዳንዱ የራሱ አቀራረብ፣ የራሱ ሰዓት፣ የራሱ ኮድ አለው። የአንዱን አጥንቶ ሌላውን መፈተን የአማርኛ ፈተና አጥንቶ ግዕዝ እንደመቀመጥ ባይሆንም፣ ልጅን ግራ ለማጋባት ከበቂ በላይ ነው።

ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ልጄ በትጋት ሠራች። ጥቅምትና ኅዳር ያለቁባት በሼክስፒር ተውኔት ነበር። ገጸ ባህርይ ትተነትናለች፣ ጥቅስ ትሸመድዳለች። እኔ በኩራት ሻይ አቀርብላታለሁ። ኋላ እንደተረዳሁት ሼክስፒር ያለበት የሥነ ጽሑፉ ፈተና ነው፤ «ኢንግሊሽ ሊትሬቸር» የሚባለው። የእኛ ጉዳይ «ኢንግሊሽ ላንግዌጅ» ነው። ሁለት የተለያዩ ትምህርቶች፣ ሁለት የተለያዩ ውጤቶች። ሁለት ወር እንዲሁ በነነ።

ከዚያ «ኮርስወርክ» መጣ፤ ከፈተና ክፍል ውጭ ተሠርቶ ለውጤት የሚያዝ ሥራ ማለት ነው። ሁለት ረዣዥም ጽሑፎች ጻፈች፣ ለአስጠኚው በኢሜይል ላከች፣ «ግሩም ነው፣ ግሬድ 8 ነው» የሚል መልስ መጣ። ደስ አለን። ኮርስወርክ ግን ልጁ ራሱ መሥራቱን የሚያረጋግጥ፣ አርሞ ውጤቱን ለቦርዱ የሚልክ የታወቀ የፈተና ማዕከል ይፈልጋል። አንድ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚሰጠው ግሬድ 8 ከወንድሜ አስተያየት የሚለየው በ680 ፓውንድ ነው።

ጃንዋሪ ላይ «የምትፈተነው የት ነው?» ብዬ ጻፍኩለት። በሦስተኛው ቀን አንድ ሊንክ ላከልኝ። ስከፍተው ፕራይቬት ካንዲዴት የሚቀበሉ ማዕከላት መፈለጊያ ነው። ለማንም ክፍት የሆነ፣ በነፃ የሚገኝ ዝርዝር! «ፈተናውም አለበት ብለህ አልነበር?» ስለው፣ «እህቴ፣ የምዝገባ ድጋፍ አለበት ማለታችን ነው» አለኝ። ድጋፉ ሊንኳ መሆኗ ነው።

በማግስቱ ለአንድ ማዕከል ደወልኩ። የፈተና ኃላፊዋ ሴት ጨዋ ነበሩ። «የትኛው ቦርድ?» አሉኝ። አላውቅም። «ኮዱስ?» አላውቅም። «ኮርስወርክ ያለው ነው ወይስ የሌለው?» አሁንም አላውቅም። ለአፍታ ዝም አሉና «ልጅዎ ምን ስታጠና ነው የቆየችው?» ሲሉኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ያን ምሽት የጥቅሉን ቪዲዮዎች ከቦርዶቹ መመሪያ ጋር አስተያየሁ። መመሪያዎቹ ድረ ገጻቸው ላይ በነፃ አሉ፤ አንድ ሰዓት አልፈጀብኝም። ቪዲዮዎቹ የኤኪውኤ ናቸው፣ ኮዱ 8700። ይሄ እያንዳንዳቸው 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ የሚወስዱ ሁለት ወረቀቶች አሉት፤ ጭራሽ ኮርስወርክ የለውም። የንግግር ምዘና አለው፣ ግን ለብቻው የሚመዘገብ እንጂ ከ9 እስከ 1 ያለው ውጤት ውስጥ የማይገባ ነው። የኮርስወርኩ ሥራ ደግሞ የተወሰደው ከኤድኤክሴል አይጂሲኤስኢ (የጂሲኤስኢ ዓለም አቀፍ ዓይነት) «ኤ» ነው፣ ኮዱ 4ኢኤ1። እዚያ አንዱ ወረቀት 60 በመቶ ይይዛል፣ አንቶሎጂ ከሚባል የጽሑፍ ስብስብ ይጠየቅበታል። የቀረው 40 በመቶ በሁለተኛ ፈተና ወይም በኮርስወርክ ነው፤ አንዱን መምረጥ ነው። አንቶሎጂው ግን በጥቅሉ ውስጥ ስሙም አልተነሳም። ከዚህ ሼክስፒር፣ ከዚያ ቪዲዮ፣ ከወዲያ ኮርስወርክ። የተለቃቀመ ነው። በዚህ ጥቅል ተዘጋጅቶ በትክክል ሊቀመጡበት የሚቻል አንድም ፈተና የለም።

ጊዜው ደግሞ እየሮጠ ነበር። የበጋው ፈተና ሜይና ጁን ላይ ነው፤ የምዝገባው ማብቂያ ግን በአብዛኛው ፌብሩዋሪ 21 ነው፣ ብዙ ማዕከላት ከዚያ ቀድመው ይዘጋሉ። ከዚያ በኋላ የቅጣት ክፍያ ይጨመራል፣ ቦታ ከተገኘ። ሁለት ማዕከላት «ሞልቷል» አሉኝ። «ኖቬምበር ትፈተና» ያለችኝ ጓደኛም ነበረች። የኖቬምበሩ ጂሲኤስኢ እስከ ኦገስት 31 ድረስ 16 ዓመት ለሞላው ብቻ ነው። የኔዋ በዕድሜዋ ትደርሳለች፤ ግን ሲክስዝ ፎርም የሚጀመረው ሴፕቴምበር ላይ ነው። ያለ ውጤት ሄዳ ምን ልትል ነው?

ሦስተኛው ማዕከል ተቀበለን፣ በባቡር ከሰዓት በላይ ይርቃል። ምዝገባው 210 ፓውንድ ወሰደብኝ። የማዕከሉ ኃላፊ «ሦስት ወር ብቻ ከቀራችሁ የኤድኤክሴሉን ‹ቢ› አስቡበት» አሉኝ። ኮዱ 4ኢቢ1 ነው። አንድ ወረቀት፣ ሦስት ሰዓት፣ ኮርስወርክ የለውም፣ አንቶሎጂ የለውም፤ የሚጠየቁት ጽሑፎች እዚያው ፈተናው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታዩ ናቸው። ልትገባ የምትፈልገው ሲክስዝ ፎርም ይቀበለው እንደሆነ ደውዬ ጠየቅኩ፣ ከዚያም በኢሜይል እንዲጽፉልኝ አደረግኩ። ይቀበላሉ።

አሁን ምን እያጠናች ነው ብትሉኝ፣ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ነው። ቦርዱ ድረ ገጽ ላይ አሉ፣ የእርማት መመሪያውም አለ፣ ፈታኞች ተማሪዎች የት እንደሚስቱ የጻፉት ሪፖርትም አለ። ሁሉም በነፃ። ያ ሪፖርት ከማንኛውም ቪዲዮ ይበልጣል፤ የሚያርመው ሰው ምን እንደሚያናድደው በገዛ አፉ ሲናገር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ስልኬን ሦስት ሰዓት ሞልቼ አስቀምጣታለሁ። የጽሑፏን እርማት ለብቻው በሰዓት የምትከፈል አስተማሪ ታይልኛለች። እስካሁን ለእሷ የከፈልኩት ሁሉ ተደምሮ የዚያን ጥቅል ሩብ አይሆንም።

ስለ ሰርተፊኬቱም ልበል። ጥቅሉ መጨረሻ ላይ «ዕውቅና ያለው ሰርተፊኬት» ይሰጣል። ማን ነው ዕውቅና የሰጠው? እንግሊዝ አገር ፈተናዎችንና ሰርተፊኬቶችን የሚቆጣጠረው ኦፍኳል ነው፣ የተመዘገቡትን ዝርዝር ማንም ሰው ድረ ገጹ ላይ መፈለግ ይችላል። የኛው አልነበረም። አስጠኚነት በራሱ ደግሞ እዚህ አገር ፈቃድ የሚያስፈልገው ሥራ አይደለም። ማንም ሰው ዛሬ ተነስቶ አስጠኚ ነኝ ማለት ይችላል፤ ወላጁ ነው ማጣራት ያለበት።

ግሩፑ ውስጥ ያለች አንዲት እህት ደግሞ ሌላ ጉድጓድ ውስጥ ነው የገባችው። «ለሐበሻ ልጅ ይቀላል» ብለው የካምብሪጁን «እንግሊዝኛ እንደ ሁለተኛ ቋንቋ» ሸጡላት። ልጇ የፈለገው ኮሌጅ የሚቀበለው «የመጀመሪያ ቋንቋ» የሚለውን ነው፣ የ0500ውን ዓይነት። ስማቸው ይቀራረባል፣ በኮሌጅ በር ግን አንድ አይደሉም። ልጁ እዚሁ ለንደን ተወልዶ ያደገ ነው፣ አማርኛው ነው ሁለተኛ ቋንቋው!

ገንዘቡን ለማስመለስ ሞክሬያለሁ። በኢንተርኔት የተገዛ አገልግሎት በ14 ቀን ውስጥ መሰረዝ ይቻላል፤ እኔ በ14ኛው ቀን ሼክስፒር ላይ ነበርኩ። ቪዲዮውን ወዲያው ለመክፈት ተስማምታችሁ ከነካችሁት ደግሞ ለቪዲዮው ያ መብት ሊቀርባችሁ ይችላል፣ ሳጥኗን ከመጫናችሁ በፊት አንብቡ። የ70 ፓውንዱ ቅናሽ ምን እንደነበር የገባኝም ያኔ ነው። ከ100 ፓውንድ በላይ የሆነ ነገር በክሬዲት ካርድ ብትከፍሉ፣ ሻጩ ቃሉን ካጠፈ በ1974ቱ የብድር ሕግ አንቀጽ 75 ባንኩን መጠየቅ ትችላላችሁ። በዴቢት ካርድም ባንኩ እንዲያስመልስ ማመልከት አለ። በባንክ ካስገባችሁ ግን ሁለቱም የሉም። እኔ 70 ፓውንድ ተቀብዬ መከታዬን ሸጥኩ።

የረዳኝ ማስታወቂያውን ፎቶ አንስቼ ማስቀመጤ ነው። በ2015ቱ የሸማቾች መብት ሕግ መሠረት፣ አንድ ነጋዴ ስለ አገልግሎቱ የተናገረውም ሆነ የጻፈው፣ እናንተም ያንን አምናችሁ ከገዛችሁ፣ የውሉ አካል ይሆናል። «ፈተናውም አለበት» የሚለውን አያይዤ፣ ሕጉን ጠቅሼ ጻፍኩለት። ሁለት ሳምንት ተከራክረን 150 ፓውንድ መለሰ። ለቀረው ፍርድ ቤት መሄድ ይቻል ነበር፤ ለትንሽ ገንዘብ የሚሆን ቀለል ያለ መንገድ አለ፣ ሲቲዝንስ አድቫይስ የሚባሉት የነፃ ምክር ሰጪዎች በስልክ አስረድተውኛል። አልሄድኩም።

ለምን? እውነቱን ልናገር፣ በይሉኝታ ነው። ጥቅሉን የሸጠልኝን ልጅ የማውቃቸው ሰዎች ያውቁታል። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እናቱን እሳለማለሁ። «የሰው ልጅ ከሰሰች» መባልን ፈራሁ። ሳስበው ከመጀመሪያውም ያልጠየቅኩት በዚሁ ምክንያት ነው። ፈረንጅ ቢሆን ኖሮ ውል አምጣ፣ ማዕከሉን ንገረኝ እለው ነበር። የኛ ሰው ሲሆን መጠየቁ ራሱ ስድብ መሰለኝ።

አሁን ብጀምር ከኋላ ወደ ፊት ነበር የምሄደው። መጀመሪያ ልጄ ልትገባ የምትፈልገው ኮሌጅ ምን ይቀበላል? ከዚያ ማዕከል፣ ሴፕቴምበር ላይ፣ ቦታ ሳይሞላ። ማዕከሉ የሚያስፈትነውን ኮድ ይዤ ነው ወደ ጥናት የምሄደው። ልጃችሁ ተጨማሪ ሰዓት የሚያስፈልገው ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ቀድማችሁ ተናገሩ፤ ማስረጃ የሚጠይቀውና የሚያመለክተው ማዕከሉ ነው፣ በመጨረሻ ሰዓት አይሆንም። ገንዘብ ለአስጠኚ የሚወጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ማስታወቂያው ባለፈው ሳምንት ግሩፑ ውስጥ እንደገና ተለጥፏል። «5 ቦታ ብቻ ቀርቷል» ይላል፣ ዋጋው 720 ሆኗል። አንዲት እናት በውስጥ መስመር «ልክፈል ወይ?» ብላ ጻፈችልኝ። እዚህ አገር ጂሲኤስኢ የሚያስፈትን ማዕከል ባለ አምስት አኃዝ ቁጥር አለው፤ እሱን ጠይቂው አልኳት። ጠየቀችው። መልእክቱን አይቶታል፣ ሁለቱ ምልክቶች ታይተዋል። ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ ነው።