ጉግል ድራይቭ፦ ፈቃድ መስጠቱ ቀላል፣ መንሳቱ ግን አድካሚ

በደሴና በኮምቦልቻ ለሚገኙ ነጋዴዎች ሂሳብ የምንሠራ ባለሙያዎች፣ ደረሰኝና የባንክ መግለጫ በፌስታል ተሸክመን በሐረጎ መንገድ መመላለሱን ቀንሰን ሰነዶቻችንን በጉግል ድራይቭ፣ ማለትም ፋይልን በኢንተርኔት ላይ አስቀምጦ ለሌሎች በሚያጋራ አገልግሎት፣ መጋራት ከጀመርን ሰነባብተናል። አገልግሎቱ በ2012 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ሲሆን በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት፣ ጂሜይልና ጉግል ፎቶዎች የሚሻሙት ቢሆንም፣ ለአንድ አነስተኛ የሂሳብ ቢሮ በቂ ነው። ስለ ቦታው ስፋትና ስለ ፍጥነቱ ብዙ ስለተባለ እዚህ አልደግመውም። የምመዝነው ሥራው ሲያልቅ፣ ደንበኛው ሌላ ባለሙያ ሲቀጥር ወይም ረዳት ሠራተኛ ሲለቅ፣ የሰጠነውን ፈቃድ መልሰን መውሰድ ምን ያህል እንደሚቻለን ነው።

ፈቃዱ የሚሰጠው በሁለት መንገድ ነው። የመጀመሪያው የሰውየውን የኢሜይል አድራሻ ጽፎ ተመልካች፣ አስተያየት ሰጪ ወይም አርታዒ አድርጎ መሰየም ነው። ሁለተኛው ፋይሉን ሊንኩን ለያዘ ሁሉ ክፍት ማድረግ ነው። በመጀመሪያው መንገድ የተሰጠውን ፈቃድ መንሳት ከስልክም ቢሆን ቀላል ነው፤ ከፋይሉ ጎን ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭኖ ፈቃድ ማስተዳደሪያውን መክፈት፣ ስሙን መምረጥና ማስወገድ ብቻ ነው። አርታዒ የነበረውን ወደ ተመልካች ዝቅ ማድረግም በዚያው ቦታ ይፈጸማል። በዚህ በኩል አገልግሎቱን የምነቅፍበት ምክንያት የለኝም።

ችግሩ ያለው ሁለተኛው መንገድ ላይ ነው፤ በእኛ አካባቢ ደግሞ በብዛት የሚሠራበት እሱ ነው። አብዛኛው ነጋዴ ኢሜይሉን የከፈተለት ልጁ ወይም ስልኩን የሸጠለት ሰው ስለሆነ አድራሻውን ሲጠየቅ አያስታውሰውም፤ ስለዚህ ሊንኩን ክፍት አድርጎ በቴሌግራም መላክ ይቀላል። ከዚያ በኋላ ሊንኩ ወደ ማን እንደተላለፈ የፋይሉ ባለቤት የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ወደ ጉግል መለያው ሳይገባ ፋይሉን የከፈተ ሰው ስሙ አይታይምና። ከዚህም የሚብሰው፣ አንድን ሰው በስም ከዝርዝሩ ካስወገዱ በኋላ ሊንኩ ክፍት እንደሆነ ከቀረ፣ ሰውየው በያዘው ሊንክ ተመልሶ መግባቱ ነው። ስሙ ከዝርዝሩ ሲጠፋ ጉዳዩ ያለቀ ይመስላል፣ በሩ ግን እንደተከፈተ ነው። ስለዚህ ፈቃድ የሚነሳ ሰው ከስሞቹ በታች ያለውን አጠቃላይ ፈቃድ የሚለውን ክፍል አይቶ የተገደበ ወደሚለው መመለሱን ሳያረጋግጥ ገጹን መዝጋት የለበትም። የገጹ አሠራር ይህን በጉልህ አለማስጠንቀቁ ድክመት ነው እላለሁ።

ሌላው በነባሪነት ክፍት ሆኖ የሚመጣው ነገር የአርታዒዎች ሥልጣን ነው። አርታዒ የሆነ ሰው በራሱ ፈቃድ ሌላ ሰው መጨመርና የሌሎችን ፈቃድ መለወጥ ይችላል። ባለቤቱ ይህን ሊከለክል የሚችለው በማጋሪያው ሳጥን ጥግ ያለችውን ባለ ጥርስ ጎማ የምትመስል የቅንብር ምልክት ተጭኖ፣ ይህን ሥልጣን ለአርታዒዎች ከሚሰጠው ምርጫ ላይ የራይት ምልክቱን ሲያነሳ ነው። በዚያው ቦታ ተመልካቾችና አስተያየት ሰጪዎች ፋይሉን እንዳያወርዱ፣ እንዳያትሙና እንዳይቀዱ የሚያደርግ ምርጫም አለ። ስክሪኑን ፎቶ የሚያነሳን ሰው ባያግድም፣ ሙሉውን የኤክሴል ሰነድ ከነቀመሩ ይዞ መሄድን ያስቸግራል።

ሠራተኛ ሲለቅ ደግሞ ብዙ ቢሮዎች ያላሰቡት ጉዳይ ይመጣል፤ የባለቤትነት ጉዳይ። ረዳቱ በራሱ ጂሜይል የፈጠረው ፋይል፣ የተቀመጠው በእርስዎ ፎልደር ውስጥ ቢሆንም፣ ባለቤቱ እሱ ነው፤ የሚበላውም የእሱን ቦታ ነው። ረዳቱን ከፎልደሩ ማስወገድ ራሱ ከፈጠራቸው ፋይሎች አያስወግደውም፤ መለያውን ቢዘጋ ወይም ፋይሉን ቢያጠፋ ደግሞ የዓመቱ የሽያጭ መዝገብ አብሮ ይሄዳል። በግል መለያዎች መካከል ባለቤትነት የሚተላለፈው ባለቤቱ ጥያቄ ልኮ ተቀባዩ ሲቀበል ነው፤ ስለዚህ ርክክቡ ሰውየው የመጨረሻ ደመወዙን ተቀብሎ ከመሄዱ በፊት፣ በፊት ለፊት ቢደረግ ይመረጣል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ፋይሉን ከመጀመሪያው የቢሮው መለያ ፈጥሮ ለረዳቱ የአርታዒነት ፈቃድ ብቻ መስጠት ነው።

በሰኞ ገበያ የሚነግዱ አንድ አዛውንት ደንበኛዬ፣ «ልጄ፣ የእኔን ሂሳብ ከአንተ ሌላ ማን ያየዋል?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ አገልግሎቱ ግን ለግል መለያ ተጠቃሚ በአንድ ገጽ አይመልሰውም። የሰጠኋቸውን ፈቃዶች ሁሉ የሚዘረዝር፣ ክፍት ሊንኮችን ለይቶ የሚያሳይ አንድ ሰንጠረዥ ቢኖር ኖሮ ይህን ግምገማ በግማሹ ባሳጠርሁት ነበር። ያለው አማራጭ በኮምፒውተር የፍለጋውን ዝርዝር ምርጫዎች ከፍቶ፣ ለማን እንደተጋራ በሚለው ቦታ የአንድን ሰው አድራሻ አስገብቶ ለዚያ ሰው የተሰጡትን ፋይሎች ማውጣት ነው። ይህ በስም የተሰጠውን ያሳያል፤ ክፍት ሊንክን ግን ፋይል በፋይል ከመመርመር ሌላ መንገድ አላገኘሁለትም።

ድካሙን በእጅጉ የሚቀንስ አንድ ዘዴ አለ፣ ጥቂቶች ብቻ ሲጠቀሙበት ማየቴም ይገርመኛል። ብዙ ሰዎችን በአንድ የኢሜይል አድራሻ ሥር በሚሰበስበው በጉግል ግሩፕስ፣ በነፃ መለያም ቢሆን፣ ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ቡድን ይከፈታል፤ ፎልደሩ ለግለሰቦች ሳይሆን ለቡድኑ አድራሻ ይጋራል። ከዚያ በኋላ ሰው ሲቀጠር ወደ ቡድኑ ማስገባት፣ ሲለቅ ደግሞ ከቡድኑ ማውጣት ብቻ ነው፤ በፎልደሩ ሥር ላሉት ሰነዶች ሁሉ ፈቃዱ በአንድ ጊዜ ይነሳል። በተጨማሪ በስሙ ለብቻው የተሰጠው ፋይል ካለ ግን ያ እንዳለ ስለሚቆይ፣ አሠራሩ የሚሰምረው ለግለሰብ በቀጥታ አለመስጠትን ልማድ ካደረጉ ነው።

ቀን ሲደርስ በራሱ የሚያበቃ ፈቃድ ለእኛ ሥራ ምቹ በሆነ ነበር፤ ለኦዲተር እስከ ጥቅምት 30 ብቻ ብሎ መስጠት ማለት ነው። ጉግል ይህን የሚሰጠው ለሥራና ለትምህርት ተቋማት መለያዎች ሲሆን፣ የሥራውን መለያ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ለአነስተኛ ቢሮ ቀላል አይደለም። ተመሳሳይ አገልግሎት የሚሰጡት ዋንድራይቭና ድሮፕቦክስም ለሊንክ የማብቂያ ቀንና የይለፍ ቃል የሚያስቀምጡት ለከፋይ ደንበኞቻቸው ነው፤ በነፃ የሚሰጡት ቦታም 5 እና 2 ጊጋባይት ብቻ ስለሆነ ለለውጥ የሚያነሳሳ አይደለም።

የኔትወርክ ነገር ደግሞ አለ። ፈቃድ መንሳት ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ጊዜ፣ መስመር የሌለው ሰው የትኛውንም ፈቃድ መንካት አይችልም ነበር። ከመስመር ውጭ እንዲከፈት በሌላው ስልክ የተቀመጠ ፋይልም ስልኩ ኢንተርኔት እስኪያገኝ ድረስ ስለ ለውጡ አያውቅም። ፋይሉን ወደ ቆሻሻ መጣያ መወርወርም ፈቃድ መንሳት አይደለም፤ በመጣያው ውስጥ እስካለ፣ ማለትም ባለቤቱ ራሱ እስኪያጠፋው ወይም 30 ቀኑ እስኪሞላ፣ የተጋሩት ሰዎች ሊከፍቱት ይችላሉ።

ከአምስት ሦስት ተኩል እሰጠዋለሁ። ለደረሰኝ፣ ለሽያጭ መዝገብና ለወርኃዊ የታክስ ማስታወቂያ፣ በቡድን አድራሻና ማውረድን በከለከለ ፈቃድ እስከተሠራበት ድረስ፣ ያለ ስጋት እመክረዋለሁ። አንዴ የወረደን ቅጂ ግን የትኛውም ቁልፍ አይመልሰውም፤ በዚህም ምክንያት የሠራተኞችን የደመወዝ ዝርዝርና የመታወቂያ ቅጂ በየትኛውም የጋራ ፎልደር ውስጥ አላስቀምጥም፣ ደንበኞቼም እንዲያስቀምጡ አልፈቅድም።