ሞቼና ቦራጎ ወይስ ፋ ሂየን? ስለ ጥንት አዳኞች የበለጠ የሚነግረን የትኛው ዋሻ ነው?

ሐዋሳ ለምንኖር ሰዎች ሞቼና ቦራጎ ሩቅ አይደለም። ሶዶ ደርሶ የዳሞታን ተራራ መውጣት ነው። ቦታው 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ደጋ ነው። ፋ ሂየን ሌና ግን ስሪላንካ ውስጥ፣ ቆላማ የዝናብ ደን መሀል ይገኛል። በሁለቱም ከ40,000 ዓመት በፊት አዳኞችና ለቃሚዎች ኖረዋል።

የሞቼና ሀብት ድንጋይ ነው። ኦብሲዲያን ከሚባለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ መስታወት የተሠሩ መሣሪያዎች በብዛት ወጥተውበታል። የእሳተ ገሞራ አመድም ስላለ የአፈሩን ንብርብር ቅደም ተከተል ለማወቅ ይረዳል።

የፋ ሂየን ሀብት አጥንት ነው፤ እኔን የሚገርመኝም እሱ ነው። ብዙ ተመራማሪዎች የዝናብ ደን ለጥንት ሰው አይመችም ብለው ያምኑ ነበር። ትልልቅ እንስሳት ጥቂት ናቸው። ያሉት ትንንሾቹም ፈጣኖች ናቸው፤ ውሏቸውም ዛፍ ላይ ነው። ዋሻው ይህን ሐሳብ አናጋው። ሰዎቹ ጦጣና የዛፍ ሽኮኮ (ስኩዊረል) እያደኑ ይበሉ ነበር። ከዚያ አጥንቱን አሹለው መሣሪያ ያደርጉታል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት እንደሚለው፣ ከ48,000 ዓመት በፊት ጀምሮ ቀስት ሳይጠቀሙ አልቀሩም። ከዛፍ ጫፍ ጦጣ ማውረድ እኮ ቀላል ሥራ አይደለም!

ታዲያ የቱ ይሻላል? ሰው ምን በልቶ እንዴት እንደኖረ ለማወቅ ፋ ሂየን ይበልጣል። ለአርኪዮሎጂ ተማሪዎቻችን ግን ከሞቼና ጀምሩ እላለሁ። የድንጋይ አጠራረብ ጥበብ በጋሞና በኮንሶ ቆዳ ፋቂዎች እጅ እስከ ቅርብ ዘመን ቆይቷል። ጠይቆ መማር የሚቻለው እዚሁ ነው።