«ሽማግሌ አትላኩ»፦ በሰሜን ቨርጂንያ ያገኘነው የወንጀል ጥብቅና አገልግሎት

ታናሽ ወንድሜ በሰሜን ቨርጂንያ በአንድ ሌሊት ሁለት ክስ መጣበት። አንዱ ባለቤቱን ገፍትሮ ክንዷን በማቁሰሉ የቀረበበት የቤት ውስጥ ጥቃት ክስ ሲሆን፣ ሁለተኛው ለዚሁ ጥሪ የመጣው ፖሊስ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ባገኘው አንድ እስር ጫት ምክንያት የተመሠረተ የአደንዛዥ ዕፅ ክስ ነው። ጉዳዩን እስከ ፍጻሜው የተከታተልኩት እኔ ነኝ። ባለቤቱና ልጆቻቸው እዚሁ ስለሚኖሩ የቢሮውን ስም አልጠቅስም፤ እንዲህ ያለ ጠበቃ የሚፈልግ ወገን ምን መጠየቅ እንዳለበት ግን ሳልጽፍ መተው አልፈልግም።

መጀመሪያ የሄድንበት ጠበቃ ዋጋው ዝቅ ያለ ነበር። አሥር ደቂቃ ያህል ካዳመጠን በኋላ፣ ወንድሜ ከዚህ በፊት ተከስሶ ስለማያውቅ ማስረጃው ለጥፋተኝነት በቂ መሆኑን ተቀብሎ የሙከራ ጊዜውን በሰላም ቢጨርስ ክሱ እንደሚሰረዝለት ነገረን። ደስ ብሎን ልንፈርም ምንም አልቀረንም ነበር። ይህ ሰው ወንድሜ በምን ዓይነት የመኖሪያ ፈቃድ አሜሪካ እንዳለ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀም።

ሁለተኛዋ ጠበቃ ወንበር ከመሳባቸው በፊት የጠየቁት ይህንኑ ነው። ግሪን ካርድ እንዳለውና ዜግነት እንዳልወሰደ ስንነግራቸው፣ በቨርጂንያ ፍርድ ቤት ተሰርዟል የሚባል ክስ በፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ሕግ እንደ ጥፋተኝነት ሊቆጠር እንደሚችል በወረቀት ላይ እየሳሉ አስረዱን፤ ለዚያ ሕግ ሰውየው ጥፋቱን ወይም በቂ ማስረጃ መኖሩን አምኖ ዳኛው አንድ ዓይነት ቅጣት ወይም ገደብ ከጣለበት ይበቃዋል። የቤት ውስጥ ጥቃትም ሆነ አደንዛዥ ዕፅ ደግሞ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን ችለው ከአገር ለማስወጣት ምክንያት ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፓዲያ ጉዳይ፣ ተከላካይ ጠበቃ የውጭ ዜጋ ደንበኛውን ስለዚህ አደጋ የማስጠንቀቅ ግዴታ እንዳለበት ወስኗል። ፓዲያ ለ40 ዓመታት ያህል በሕጋዊ መንገድ የኖረ የሆንዱራስ ተወላጅ ሲሆን፣ ጠበቃው «ብዙ ስለቆየህ አትስጋ» ብሎት ነበር ጥፋቱን ያመነው። ይህን ስሰማ የፊተኛውን ጠበቃ የአሥር ደቂቃ ምክር አስታውሼ ሰውነቴ ቀዘቀዘ።

ከሁሉ ይልቅ ያመሰገንኳቸው ግን በሽማግሌው ነገር ነው። ታላቅ አጎታችን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ሁለት ሽማግሎችና አንድ ቄስ ይዘው ወደ ባለቤቱ ዘንድ ሊሄዱ ተዘጋጅተው ነበር፤ አገር ቤት ቢሆን ማንም የሚያደርገው ይኸው ነው። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕጋችን ቀላል የአካል ጉዳት በአቤቱታ የሚያስቀጣ በመሆኑ፣ ተበዳዩን ማስታረቅ ክሱን ማስቆም መስሎ ይታየናል። ጠበቃዋ በስልክ አስተርጓሚ በኩል ጋሼን በትህትና ግን ሳያለሳልሱ ተናገሯቸው። በዚያ ሌሊት የተሰጠው የአስቸኳይ ጥበቃ ትዕዛዝ ለ72 ሰዓት ያህል የሚቆይ፣ ከዚያም ፍርድ ቤት ሊያራዝመውና በመጨረሻም እስከ ሁለት ዓመት ሊያደርሰው የሚችል ነው። ትዕዛዙ ወንድሜ ከእርሷ ጋር እንዳይገናኝ ስለሚከለክል እርሱ የሚልከው ሽማግሌም የእርሱ እጅ ሆኖ ይቆጠራል፤ ክሱም የዐቃቤ ሕግ እንጂ የሚስቱ ስላልሆነ እርሷ ብትምር እንኳ አይቆምም። «ክሱን ተይው» ብሎ እርሷን መጫን ደግሞ ምስክር በማባበል ሌላ ክስ ሊያስከትል ይችላል። ጋሼ ለጊዜው ተቀየሙ፤ እኔ ግን ይህ ምክር እርሷንም እንደጠበቃት አምናለሁ፤ ምክንያቱም ክንዷ ሳይድን ሦስት ሽማግሎች በሯ ላይ ቆመው ቢለምኗት እምቢ ለማለት አቅም አይኖራትም ነበር።

ከጥንቃቄያቸው አንዱን ላሳይ። ዐቃቤ ሕግ ከወንድሜ ስልክ «እገድልሻለሁ» የሚል መልእክት አስተርጉሞ አቅርቦ ነበር። ጠበቃዋ ፈቃድ ባለው አስተርጓሚ ሙሉውን ምልልስ አስተረጎሙት፤ መልእክቱ ከድርጊቱ ሁለት ወር በፊት ክርስትና ቤት ስለ መዘግየት የተጻፈ ሲሆን የእርሷም መልስ የሳቅ ምልክት ነበር። በዚያ ሌሊት ስለደረሰው ግፍተራ ግን ወንድሜ ሰበብ እንዲያበጅ አልፈቀዱለትም፣ እርሷንም በችሎት አላዋረዷትም።

በጫቱ በኩል ነገሩ ከጠበቅነው የከበደ ነበር። እኛ ዘንድ በገበያ የሚሸጠው ቅጠል ትኩስ ሳለ የሚይዘው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በፌዴራሉ ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንደኛው ሰንጠረዥ፣ ማለትም እጅግ ጥብቅ ቁጥጥር በሚደረግባቸው ዕፆች ዝርዝር ውስጥ ተመድቧል፤ በቨርጂንያ ይዞ መገኘቱ ብቻ እስከ 10 ዓመት እስራት ሊያስፈርድ የሚችል ከባድ ወንጀል ነው። ቅጠሉ ሲቆይና ሲደርቅ ግን ካቲኖኑ እየተቀየረ ወደ ካቲን ይለወጣል፤ ካቲን የሚገኘው ቁጥጥሩ ቀለል ባለው በአራተኛው ሰንጠረዥ ነው። ስለዚህ ጠበቃዋ የላቦራቶሪ ውጤት ሳይመጣ ስለ ምንም ነገር እንደማይደራደሩ ገለጹ። ውጤቱ ካቲን ብቻ አሳየ፤ ወንድሜም ጫቱ በአሜሪካ ይህን ያህል የተከለከለ መሆኑን ከዚያ በፊት አያውቅም ነበር። በድርድሩ የጫቱ ክስ ተነሣ፣ የጥቃቱም ክስ ወደ ሥርዓት ማወክ ዝቅ ብሎ ወንድሜ ጥፋቱን አመነ፤ ለወራት የሚቆይ የጥቃት ማስወገጃ ትምህርትም ታዘዘለት። ጠበቃዋ ኢሚግሬሽን ላይ ከሚሠራ ሌላ ጠበቃ ጋር በስምምነቱ ቃላት ላይ አስቀድመው ተማክረው ነበር።

ጉድለትም ነበረው። ስልክ ስንደውል የሚመልሱት አብዛኛውን ጊዜ በሦስተኛው ቀን ነው፤ የእስር ፍርሃት ላለበት ቤተሰብ ሦስት ቀን ረጅም ነው። ሁለቱን ክስ ጠቅልለው የተቀበሉት 6,500 ዶላር ለእኛ ብዙ ነበር። በችሎት አስተርጓሚ የሚመድበው ፍርድ ቤቱ ቢሆንም፣ በቢሮ ለሚደረገው ውይይት የሚከፈለው ለብቻው ነው፤ ይህንን ግን ከመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ አሳውቀውናል። ጉዳዩ ከተዘጋ በሁለት ሳምንቱ ለአስተርጓሚ ካስቀመጥነው ገንዘብ የተረፈውን 140 ዶላር ከደረሰኙ ጋር በፖስታ መለሱልን።